ብርሃንን ማየት ከሰው ይወረሳል

በኮምፒዩተር በሚሠራ ፊልም ውስጥ ፀሐይ በራሷ አትወጣም። ገጸ ባሕርያቱ ተቀርጸው፣ ቤቱና መንገዱ ተሠርቶ፣ እንቅስቃሴው ሁሉ ካለቀ በኋላም አንድ ሰው ተቀምጦ ብርሃን ካላስገባበት ትዕይንቱ ድፍን ጨለማ ነው። ጊዜው ጠዋት ይሁን ማታ፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ይሙቅ ወይስ ይቀዝቅዝ፣ የልጁ ፊት ሙሉ ለሙሉ ይታይ ወይስ ግማሹ በጥላ ይሸፈን፣ ይህን ሁሉ የሚሠራው ላይቲንግ አርቲስት የሚባለው የብርሃን ባለሙያ ነው። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚፈልጉ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት የትኛውን ሶፍትዌር እንማር ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቦታው ሁለተኛ ነው። መቅደም ያለበት፣ ሥራዬን ማን ያይልኛል፣ ማንስ ያርመኛል የሚለው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። የሙያውን ታሪክ ላገላበጠ ሰው፣ ትልልቆቹን ባለሙያዎች ያወጣቸው በየጊዜው የሚለዋወጠው መሣሪያ ሳይሆን ከእነርሱ በፊት ማየት የተማሩ ሰዎች እንደሆኑ ግልጽ ይሆንለታል። ይህን ካልተቀበልን ወጣቶቻችንን የምናሠለጥንበት መንገድም፣ ስቱዲዮዎች ባለሙያ የሚያፈሩበት መንገድም የተሳሳተ ይሆናል።

መካሪ የማያስፈልገው ከሚመስለው ክፍል፣ ከሒሳቡ እንጀምር። በኮምፒዩተር ብርሃንንና ጥላን የማስላት ዕውቀት ትልቁ ሥሩ የሚገኘው በአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዴቪድ ኢቫንስና አይቫን ሰዘርላንድ እዚያ ያሰባሰቧቸው ተማሪዎች የመስኩን መሠረት ጥለዋል። አንሪ ጉሮ በ1971 የጎበጠ ገጽ ላይ ብርሃን ከደማቅ ወደ ደብዛዛ ሳይቆራረጥ የሚሸጋገርበትን ስሌት አቀረበ። ትውልደ ቬትናማዊው ቡይ ቱዎንግ ፎንግ ደግሞ በ1973 የዶክትሬት ጥናቱ በሚያብረቀርቅ ገጽ ላይ የሚታየውን የብርሃን ነጸብራቅ ለማስላት መንገድ አሳየ። ፎንግ በ1975 በወጣትነቱ ቢሞትም ስሙ ዛሬም በየሶፍትዌሩ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያው የወጣው ኤድ ካትመል ኋላ ፒክሳር የተባለውን የአኒሜሽን ስቱዲዮ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲም ዶናልድ ግሪንበርግ ተመሳሳይ ጉባኤ ነበረው፤ የእሱ ተማሪ ሮብ ኩክ ከካትመልና ከሎረን ካርፔንተር ጋር ሬንደርማን ለተባለው ምስል የሚያሰላ ሥርዓት በ2001 የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። እነዚህ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው የተዘጋጀ ቀመር አልወረሱም፤ ቀመሩ ገና አልተፈጠረም ነበርና። የወረሱት ምን መጠየቅ እንደሚገባ፣ አንድ ውጤት በቂ የሚሆነው መቼ እንደሆነና በማን ፊት መሟገት እንደሚያስፈልግ ነው። ከሁሉም በላይ ደረቅ የሚመስለው የሙያው ክፍል እንኳ የዘር ሐረግ አለው።

ሒሳቡ ግን የሚመልሰው ብርሃን እንዴት እንደሚጓዝ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ለታሪኩ ምን ማድረግ እንዳለበት አይናገርም። ይህን ሁለተኛ ትምህርት ሙያው ያገኘው ከሠዓሊዎች ነው። በ1995 ለዕይታ የበቃው ቶይ ስቶሪ ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። የፊልሙ የሥነ ጥበብ ዳይሬክተር ራልፍ ኤግልስተን ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያልፍበትን የቀለምና የብርሃን ለውጥ በትንንሽ የፓስቴል ሥዕሎች አስቀድሞ አስቀመጠው። የቀለም ስክሪፕት የሚባለው ይህ አሠራር ዛሬ በየአኒሜሽን ስቱዲዮው የተለመደ ነው። በዚያው ፊልም የብርሃን ሥራውን ከመሩት አንዷ ሻሮን ካላሃን ነበረች። ካላሃን ከዚያ በኋላ በፋይንዲንግ ኒሞና በራታቱይ የፎቶግራፊ ዳይሬክተር ሆና ሠርታለች፤ ከስቱዲዮ ውጭ ደግሞ ሜዳ ላይ ቆማ መልክዓ ምድር የምትሥል ሠዓሊ ናት። በ1996 ሲግራፍ በተባለው የኮምፒዩተር ግራፊክስ ጉባኤ ለባልደረቦቿ ባዘጋጀችው የማስተማሪያ ጽሑፍ ብርሃን የተመልካቹን ዓይን ወዴት እንደሚመራ፣ ስሜትን እንዴት እንደሚያጸናና ጥልቀትን እንዴት እንደሚሰጥ ከሥዕልና ከሲኒማ ልምድ ተነስታ አስረዳች። በ2014 የአሜሪካ ሲኒማቶግራፈሮች ማኅበር አባል ስትሆን፣ ሥራቸው ሁሉ በአኒሜሽን ብቻ ከሆነ ባለሙያዎች የመጀመሪያዋ ነበረች። ይህ አባልነት እንደ ግል ክብር ብቻ መታየት የለበትም። በካሜራ የሚሠራው አሮጌ ሙያ በኮምፒዩተር የሚሠራውን አዲስ ሙያ የራሱ ልጅ አድርጎ መቀበሉን ያሳያል።

ከአሮጌው ሙያ ወደ አዲሱ የተደረገው ስጦታ ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ ነበር። የሮጀር ዲኪንስ ታሪክ ለዚህ የተሻለ ማስረጃ ነው። ዲኪንስ ከዘጋቢ ፊልም ተነስቶ በዓለም ካሉ ታላላቅ ሲኒማቶግራፈሮች አንዱ የሆነ እንግሊዛዊ ነው። በ2008 ለወጣው ዎል-ኢ ለተባለ ፊልም የፒክሳር ቡድን ምክሩን ጠየቀው። ቡድኑ የእውነተኛ ካሜራ ሌንስ ትኩረቱን የሚያጣው እንዴት እንደሆነ፣ በደካማ ብርሃንም ምን እንደሚይዝ ለማወቅ ይፈልግ ነበር። ከዚያም በ2010 ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን በተባለው የድሪምወርክስ ፊልም፣ በ2011 ደግሞ በራንጎ የምስል አማካሪ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዲኪንስን የጋበዙት ሰዎች ሶፍትዌሩን ከእሱ ይልቅ አብልጠው ያውቁታል። የፈለጉት በዕውነተኛ ክፍል ውስጥ፣ በዕውነተኛ መስኮት ሥር ለብዙ ዓመታት የሠለጠነ ዓይኑን ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ መብራት መጨመር ብዙ ወጪ አያስከትልም፤ አንድ ባለሙያ እንደፈለገ አሥርም ሃያም መብራት ሊያስቀምጥ ይችላል። በዕውነተኛ ቀረጻ ግን እያንዳንዱ መብራት ክብደት፣ ገመድ፣ ጊዜና ገንዘብ አለው። ስለዚህ እንደ ዲኪንስ ያለ ሰው ይዞት የሚመጣው ትምህርት የቁጥብነት ትምህርት ነው፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ በምክንያት ማወቅና ጨለማውን አለመፍራት። በድራገኑ ፊልም ውስጥ በእሳት ነበልባል የደመቁት የሌሊት ትዕይንቶች ጥላውን ጥላ ሆኖ እንዲቀር መፍቀዳቸው ይህን ትምህርት ያሳያል።

ታዲያ መካሪ በትክክል የሚሰጠው ምንድን ነው? ተጽዕኖንና መካሪን ለይቶ ማየት ይረዳል። ሠዓሊው ካራቫጆ ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ከጨለማ ውስጥ ፊትን የሚያወጣበት መንገድ ዛሬም የብርሃን ባለሙያዎችን ያስተምራል። ሌላው ሠዓሊ ቬርሜር በግራ በኩል ካለ መስኮት የሚያስገባው ብርሃን፣ ሲኒማቶግራፈሩ ጆን አልተን በ1949 ስለ ሙያው የጻፈው መጽሐፍ፣ እነዚህ ሁሉ ተጽዕኖዎች ናቸው። ተጽዕኖ መድረስ የሚገባንን ቦታ ያሳየናል። አሁን የቆምንበትን ቦታ ግን ሊነግረን አይችልም፤ ካራቫጆ የተማሪውን ሥራ ማየት አይችልምና። ይህን የሚያደርገው በሕይወት ያለ መካሪ ነው። በስቱዲዮዎች ዴይሊስ የሚባል ግምገማ አለ። ባለሙያው ያልተጠናቀቀ ሥራውን በትልቅ ስክሪን ላይ ያሳያል፤ ኃላፊው ከኋላ ያለው ፋኖስ ከፊቱ ይልቅ ዓይን እንደሚስብ፣ ይህ ትዕይንት ከሱ በፊት ካለው ጋር እንደማይገጥም፣ ልጅቷ ያዘነች ብትሆንም ብርሃኑ የደስታ እንደሆነ ይነግረዋል። ባለሙያው አርሞ በማግስቱ ይመለሳል። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ስሕተቱን ነቅሶ ይመልሰዋል፤ ተማሪው ከመጽሐፍ ብቻ ባለቅኔ አይሆንም። በሁለቱም ዘንድ የሚተላለፈው በጽሑፍ ሊሰፍር የማይችለው የፍርድ ችሎታ ነው። ተማሪው መቶ ጊዜ ከታረመ በኋላ የመምህሩ ዓይን በራሱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግረው ራሱን ያርማል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ዛሬ ዕውቀቱ ሁሉ በነጻ ይገኛል ይላል። እውነት ነው፤ ፒክሳርና ካን አካዳሚ ከ2015 ጀምሮ በነጻ የሚሰጡት ትምህርት አለ፤ በፒክሳር የሠራው ጄረሚ በርን ስለ ዲጂታል ብርሃን የጻፈው መጽሐፍ ከ2000 ጀምሮ በእጅ ይገኛል፤ ብሌንደር የተባለው ሶፍትዌርም ያለ ክፍያ ይወርዳል። ለዚህ ተቃውሞ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የላትቪያው ዳይሬክተር ጊንትስ ዚልባሎዲስ ነው። በብሌንደር የሠራው ፍሎው በ2025 የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካርን ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ፊት ነጥቆ ወሰደ። ከዚያ በፊት በ2019 ያወጣውን አዌይ የተባለ ረጅም ፊልም ብቻውን ነበር የሠራው። ይህን ክብር ማንም ሊቀንስበት አይገባም። ሆኖም ታሪኩን ጠጋ ብለን ስናየው የምናገኘው ሌላ ነው። ፍሎው የመነጨው ስለ ድመት ከሚተርከው፣ አኳ ከተባለው የ2012 አጭር ፊልሙ ነው፤ ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ ኦስካሩ ከ12 ዓመት በላይ አልፏል፤ ፍሎው ራሱም የላትቪያ፣ የፈረንሳይና የቤልጂየም ባለሙያዎች አብረው የሠሩበት ፊልም ነው። መካሪ ያጣን ሰው መከራ ይመክረዋል። ብቻውን የሚማር ሰው ሊደርስ ይችላል፤ መካሪ በአንድ ቀን የሚነግረውን ስሕተት ለማግኘት ግን አንድ ፊልም ሠርቶ መጨረስ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህን ዋጋ መክፈል የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው፤ የሥልጠና ሥርዓት ደግሞ የሚሠራው ለጥቂቶች አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ የቪዲዮ ትምህርት የአስተማሪውን ትዕይንት ያሳያል እንጂ የተማሪውን ትዕይንት አያይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከማሽኑ በኩል ይመጣል። ኮምፒዩተሩ የብርሃንን ነጸብራቅ ሁሉ በራሱ ማስላት ከቻለ፣ አልፎም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስሉን ራሱ ከፈጠረ፣ ስለ ብርሃን መካሪ ማውራት ምን ይጠቅማል ይላል። የመጀመሪያው ክፍል በታሪክ ተፈትኗል። ቀደም ሲል አንድ ባለሙያ ከቀይ ግድግዳ ላይ ተመልሶ ፊት ላይ የሚያርፈውን ቀላ ያለ ብርሃን ለማሳየት ተጨማሪ መብራት በእጁ ያስቀምጥ ነበር። በ2013 ሞንስተርስ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ፊልም ሲወጣ ፒክሳር ይህን ሥራ ለማሽኑ ሰጥቶ ነበር፤ ዲዝኒም በ2014 በቢግ ሂሮ 6 ፊልም ሃይፐሪዮን የተባለውን የራሱን ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። የብርሃን ባለሙያዎች ግን አልቀሩም፤ በዳንየል ፋይንበርግ የብርሃን አመራር በ2017 የወጣው ኮኮ የሙታንን ከተማ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ መብራቶች ሞላ። መብራቶቹን ያበዛው የማሽኑ ጉልበት ነው፤ በዚያ ሁሉ ብርሃን መካከል ዓይናችን ከፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ከትንሹ ሚጌል እንዳይርቅ ያደረገው ግን የሰው ምርጫ ነው። ትክክለኛ ብርሃን ርካሽ በሆነ ቁጥር የሚወደደው ትርጉም ያለው ብርሃን ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም በተመለከተ መልሴ ይኸው ነው። ማሽኑ በደቂቃ መቶ አማራጭ ቢያቀርብ፣ ዘጠና ዘጠኙን የሚጥል ሰው ያስፈልጋል። መጣል ደግሞ የመሥራትን ያህል የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። እንዲያውም አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ጀማሪዎች ይማሩባቸው የነበሩትን ቀላል ሥራዎች ማሽኑ ከወሰዳቸው፣ ነገ መምረጥ የሚችለው ሰው የሚያድግበት ደረጃ ይጠፋል። ቴክኖሎጂው ባደገ ቁጥር መካሪነት በልማድ የሚቀጥል ነገር መሆኑ ያበቃል፤ ታስቦበት ሊደራጅ ይገባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይልቅ ልብ ይነካል። መካሪነት በር ጠባቂነት ይሆናል፤ ትውውቅ ያለው ይገባል፣ የሌለው ይቀራል፤ የገባውም የመምህሩ ግልባጭ ሆኖ ይወጣል የሚል ነው። ታሪክ ይህን ተቃውሞ ይደግፋል። ቻይና ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባው ታይረስ ዎንግ በ1938 በዲዝኒ ስቱዲዮ የተቀጠረው በሌሎች ሠዓሊዎች ሥዕሎች መካከል ያሉትን ክፍተቶች የሚሞላ ዝቅተኛ ሠራተኛ ሆኖ ነው። ባምቢ የተባለው ፊልም ሊሠራ መሆኑን ሲሰማ፣ በቻይና የሶንግ ዘመን ሥዕል መንፈስ የደን ሥዕሎችን በራሱ ተነሳሽነት አዘጋጅቶ አቀረበ። ጭጋጉ፣ በዛፎች መካከል የሚያልፈው ለስላሳ ብርሃን፣ ዝርዝሩን ትቶ ስሜቱን የሚይዘው አሣሣል በ1942 የወጣውን ፊልም መልክ ወሰነው። ፊልሙ ላይ ግን ስሙ የሠፈረው ከበስተጀርባ ሠዓሊዎች እንደ አንዱ ብቻ ሆኖ ነው፤ ለሥራው የሚገባው ዕውቅና የመጣው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የዎንግ ታሪክ መካሪነት በጥቂቶች እጅ ሲታጠር ምን ያህል እንደሚያሳጣ ያስተምረናል። መድኃኒቱ ግን መካሪነትን መተው ሳይሆን ማብዛት ነው። አንድ መካሪ ብቻ ያለው ግልባጭ ይሆናል፤ ብዙ መካሪ ያለው፣ በተለይም ከሙያው ውጭ መካሪ ያለው ራሱን ይሆናል። ጃፓናዊው ዳይሱኬ ትሱትሱሚ በቶይ ስቶሪ 3 የብርሃን ሥነ ጥበብ ዳይሬክተር የነበረ ሲሆን፣ ሙያው ብርሃኑን አስቀድሞ በሥዕል አሳይቶ ለኮምፒዩተር ባለሙያዎቹ መንገድ መጥረግ ነበር። በ2014 ከባልደረባው ከሮበርት ኮንዶ ጋር ከፒክሳር ወጥቶ ቶንኮ ሃውስ የተባለውን ስቱዲዮ መሠረተ፤ ከመውጣታቸው በፊት አብረው የሠሩት ዘ ዳም ኪፐርም በብሩሽ የተቀባ የሚመስል የራሱ ብርሃን ያለው ፊልም ሆነ። ከትልቅ ስቱዲዮ የተማሩትን ይዘው ሌላ መልክ አወጡ።

ይህ የሰው ሰንሰለት ጠንካራ ቢሆንም በቀላሉ ይበጠሳል። በ1987 የተመሠረተው ብሉ ስካይ ስቱዲዮ የብርሃንን ጉዞ እንደ ተፈጥሮ ተከትሎ በማስላት ከሌሎች የቀደመ ነበር፤ በ1998 የወጣው ባኒ የተባለ አጭር ፊልሙ ኦስካር አግኝቷል። በ2021 ባለቤቱ ዲዝኒ ስቱዲዮውን ሲዘጋው ወደ 450 የሚጠጉ ሠራተኞች ተበተኑ። ሶፍትዌርና ፊልም በማህደር ሊቀመጥ ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሥራን እርስ በርስ የማረም ልማድ ግን በማህደር አይቀመጥም፤ ሰዎቹ ሲበተኑ አብሮ ይበተናል። ስቱዲዮዎች የጀማሪን ሥራ ለማየት የሚጠፋውን የአንጋፋ ባለሙያ ሰዓት እንደ ኪሣራ ሲቆጥሩት፣ ነገ ሊቀጥሩት የሚፈልጉትን ሰው ዛሬ እያጠፉት ነው።

በአፍሪካ የሙያው ጉዞ ገና ጀማሪ በመሆኑ ይህን ከጅምሩ ማስተካከል ይቻላል። በ2023 የወጣው ኪዛዚ ሞቶ የአፍሪካ ዳይሬክተሮች የሠሯቸውን 10 አጫጭር ፊልሞች የያዘ ስብስብ ነው። ሥራውን የመራው የደቡብ አፍሪካው ትሪገርፊሽ ስቱዲዮ ነበር፤ ከስፓይደርማን ኢንቱ ዘ ስፓይደርቨርስ ዳይሬክተሮች አንዱ የሆነው ፒተር ራምዚም የበላይ ፕሮዲዩሰር ሆኖ ከዳይሬክተሮቹ ጋር ሠርቷል። በእኛ አገርም ብሌንደርን በኢንተርኔት የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ የሚጎድላቸው ሥራቸውን አይቶ የሚያርም ሰው ነው። ይህን ለማሟላት ትልቅ ሕንጻ ወይም ውድ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጥላና ቀለምን የሚያስተምሩ ሠዓሊዎች አሉ፤ በአገራችን ፊልሞች ላይ በጥቂት መብራት ብዙ መሥራትን የለመዱ ካሜራማኖች አሉ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ በዚህና በተቀራራቢ ሙያ የሚሠሩ ወገኖችም በወር አንድ ሰዓት በቪዲዮ ጥሪ የአንድን ወጣት ሥራ ቢያዩ ከብዙ ቪዲዮዎች የሚበልጥ ትምህርት ይሰጣሉ። የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ተቋማትም ከሶፍትዌሩ ሰዓት ላይ ቀንሰው ለሥዕልና ለግምገማ ቢሰጡ ተማሪዎቻቸውን ይጠቅማሉ። መካሪ ላላገኘም ወጣት መንገዱ አልተዘጋም። ሦስት አራት ሆነው በየሳምንቱ እየተገናኙ ያልተጠናቀቀ ሥራቸውን ያለ ይሉኝታ እርስ በርስ መተራረም ይችላሉ፤ አንጋፋዎቹም ቢሆኑ በጀመሩበት ጊዜ ያደረጉት ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ሶፍትዌሩ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ የዛሬው ጎበዝ ተጠቃሚ ነገ እንደገና ጀማሪ ይሆናል። ብርሃን ለምን እዚህ ጋ መውደቅ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ግን መሣሪያው ቢቀየርም ዕውቀቱን ይዞ ይሻገራል። ስለዚህ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ወጣት ገንዘቡንና ጊዜውን ሲያከፋፍል ትልቁን ድርሻ ሥራውን በሐቅ ለሚያዩለት ሰዎች ይስጥ። በሙያው የበረታ ሁሉ ደግሞ የተቀበለውን እርማት ለሚቀጥለው ሰው የማስተላለፍ ግዴታ አለበት፤ እሱም ቢሆን የሆነ ሰው ጊዜውን ሰውቶ ስላረመው ነው እዚያ የደረሰው።